አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይተረጉማል፣ ሁሉም ይፈርዳል
(ዖሜር ላይ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

ከቤር ሸቫ ከየሰፈሩ ሥራችሁን ትታችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ እዚህ ዖሜር ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ እናመሰግናለን።

ዛሬ የምንናገረው ስለ መጻሕፍት ነው። ደራሲዎች አይደለንም፤ መጽሐፍ የምንተችም ምሁራን አይደለንም። አንባቢዎች ነን፤ ብዙዎቻችን ደግሞ ሰሚዎች ነን። ባለፈው ክረምት የማኅበራችን ልጆች ማታ ማታ በየቤቱ እየዞርን ሰው ስላነበበው መጽሐፍ ምን እንደሚል ጠየቅን። ዕብራይስጥ ለማያነብ እኛ እየተረጎምን አነበብንለት። የአማርኛ ፊደል ለማንለየው ለእኛ ደግሞ እናቶችና አባቶች አነበቡልን። የጠየቅነው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ከመጽሐፉ በልባችሁ የቀረው ምንድን ነው? ማን አናደዳችሁ? መጽሐፉን ለማን ትሰጡታላችሁ?

ከሁሉ በላይ ስሙ የተነሣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን መጽሐፍ ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰሙ እናቶች አሉ። አንዷ «እኔ መጽሐፉን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ በጆሮዬ ግን ጨርሼዋለሁ» አሉን።

ልጃገረዶቹ የተናደዱት በፊታውራሪ መሸሻ ነው። ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የአጥንት እኩያ እንፈልጋለን እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ እያለፈ ይሄዳል። ይህን ጊዜ አንድ ሽማግሌ «ፊታውራሪውን ብቻ አትርገሙ። እኛስ ብንሆን ሰባት ቤት እንቆጥር የለም ወይ?» አሉ። አንዷ ልጅ ቶሎ ብላ «አባባ፣ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው፤ ፊታውራሪ የሚቆጥሩት ግን ሰው ለመናቅ ነው» ብላ መለሰች። ቤቱ ጸጥ አለ። ሽማግሌውም «ይኼስ እውነት ነው» አሉ። ቡና ስትቀዳ የነበረችው እናት ግን ነገሩን አልተወችውም። «ታዲያ እናንተ ልጅ ይዛችሁ ስትመጡ 'የማን ልጅ ነው?' ብለን የምንጠይቃችሁ የትኛውን እየቆጠርን ይመስላችኋል?» አለች። እስከ አሁን መልስ የሰጣት የለም። እኛም ጥያቄውን ይዘንላችሁ መጥተናል።

ሁለተኛው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከየመደብሩ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ አሥመራ ላይ ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ይናገራል።

አንድ አባት በዚያን ጊዜ ይህን መጽሐፍ በጋዜጣ ሸፍነው እንዳነበቡት አጫወቱን። በዋናው ሰው በጋዜጠኛው በጸጋዬ አሁንም ይናደዳሉ፤ «ዓይኑ የተከፈተው ዘግይቶ ነው» ይላሉ። ከጸቫ ገና የወጣ ልጃቸው ደግሞ ሌላ ነገር ታየው። «አባዬ፣ እኔ የገባኝ በሬዲዮ የሚነገረው ጦርነትና እዚያ ያለው ሰው የሚያየው ጦርነት አንድ አለመሆኑ ነው» አለ። አባትዬው «ደራሲውስ ከቤቱ ወጥቶ የቀረው ይህን ብሎ አይደል?» አሉት።

ያ ዓመት ብዙ ወገኖቻችን ወደ ሱዳን በእግር የተጓዙበት ዓመት ነው። ወሬው እንዳይወጣ ለጎረቤት እንኳ ሳይናገሩ በሌሊት ነበር የሚወጡት። ዝም ማለት ያን ጊዜ ነፍስ ያድን ነበር፤ በብዙ ቤት ግን ዝምታው እዚህ ከደረስንም በኋላ ቀጠለ። እኚህ አባት የዚያን ምሽት መጽሐፉን ዘግተው ስለራሳቸው መንገድ ማውራት ጀመሩ። ልጃቸው ይህን ታሪክ ከአባቱ አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ሦስተኛው በዕብራይስጥ የተጻፈ ነው። ዳሊያ ቤቶሊን ሸርማን በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የአጫጭር ልብ ወለዶች መጽሐፍ ሲሆን ርእሱ «ዓለም እንዴት ነጭ ሆነ» ማለት ነው። ደራሲዋ ራሷ በልጅነቷ ከኢትዮጵያ የመጣች ናት፤ የምትጽፈውም እዚህ ስለሚያድጉ ልጆች ነው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንዱን ታሪክ ለእናቷ እየተረጎመች አነበበችላቸው። እናትየው አልወደዱትም። «ገበናችንን ለምን አደባባይ ታወጣዋለች?» አሉ። ልጅቷ «እማዬ፣ እኔ እኮ አሥራ ሁለት ዓመት ስማር የእኛን ቤት የሚመስል ቤት መጽሐፍ ውስጥ አይቼ አላውቅም» አለቻቸው። እናትየው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ሁለተኛውንም አንብቢልኝ፤ ሳልጨርስ አልፈርድም» አሉ። ሁሉንም አስነበቡ፤ ሲያበቃም «አሁንም አልወደድኩትም፤ ግን ለእኅትሽ ስጫት» አሉ። ከሰማነው አስተያየት ሁሉ እኛን ደስ ያሰኘን ይኼ ነው። ወደድኩም አልወደድኩም ለማለት ጨርሶ መስማት ያስፈልጋላ!

አራተኛው ያሳቀን ነው። አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የመጀመሪያውን «ሃሪ ፖተር» ለአያቱ ይተረጉማል። አያትዬው «ጥንቆላ የሚያስተምር ትምህርት ቤት? በል ዝጋው!» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ቆይ እስቲ፣ ልጁ የት ነው የሚያድረው ያልከኝ?» ብለው ጠየቁ። «ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ጓዳ።» «የእናቱ እኅት ቤት እያለ? ለምን?» «አስማተኛ ነው ብለው ስለሚያፍሩበት፣ ስለሚፈሩትም።»

አያትዬው ዝም አሉ። ከዚያ «እኛንም አገር ቤት ቡዳ ናቸው እያሉ ይፈሩን ነበር። ወንዶቻችን ብረት ቀጥቅጠው ማረሻ ይሠሩላቸዋል፤ ሴቶቻችን ጭቃ አቡክተው እንስራ ይሠሩላቸዋል። በማረሻችን ያርሳሉ፣ በእንስራችን ውኃ ይቀዳሉ፤ መልሰው ያሙናል። በል ቀጥል፤ ይህ ልጅ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ልስማ» አሉ። ከጥንቆላው ጋር እስከ ዛሬ አልታረቁም፤ ልጁን ግን ወደውታል። የልጅ ልጃቸውም ስለ ቡዳው ነገር የሰማው ያን ቀን ነው።

ከዚህ ሁሉ የተማርነውን እንንገራችሁ። እኛ ልጆች ከትንሽነታችን ጀምሮ ለወላጆቻችን አስተርጓሚዎች ነን። የምንተረጉመው ግን ምንድን ነው? የባንክ ወረቀት፣ የቁፓት ሖሊም ቀጠሮ፣ የመብራት ሂሳብ፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ። እንዲህ ያለው ትርጉም ልጁን ያሰለቻል፤ ወላጁንም በልጁ ፊት ያሳፍራል፤ የሚያውቀው ልጁ ብቻ ስለሚመስል። ታሪክ ስንተረጉም ግን ነገሩ ይለወጣል። ልጁ ቃሉን ያውቃል፣ ወላጁ ኑሮውን ያውቃል። ልጁ «እንዲህ ይላል» ሲል ወላጁ «እንዲህ ማለት ነው» ይላል። ሁለቱም ሰጪ፣ ሁለቱም ተቀባይ ይሆናሉ።

ደግሞም ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ስግድ ሲሆን ኢየሩሳሌም ላይ ያያችሁትን አስታውሱ። ቄሶቻችን ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፤ ከዚያ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጎማል። አባቶቻችን መጽሐፍን የኖሩበት በዚህ መንገድ ነው። ግዕዝ የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን ከመጽሐፉ ውጭ የቀረ ማንም አልነበረም። ስለዚህ «እኔ ማንበብ አልችልም፣ ስለ መጽሐፍ ምን አስተያየት አለኝ?» የምትሉ እናቶች፣ አስተያየታችሁን እንፈልገዋለን። የሰማም አንባቢ ነው።

ለእናንተ ለወጣቶች ደግሞ አንድ ነገር አለን። ፊደሉ 231 ነው ሲባል ብዙዎቻችን እንፈራለን። እውነቱ 33 ፊደል በሰባት ሰባት መልክ መሆኑ ነው፤ ከ33ቱም ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። በግዕዝ የፊደሎቹ ስም አልፍ፣ ቤት፣ ገምል መሆኑን ስታውቁ ደግሞ ከአሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል ጋር ዘመዳሞች መሆናቸውን ታያላችሁ። ጎን ለጎን ያደጉ ፊደሎች ናቸውና አትፍሯቸው።

ስለዚህ ማኅበራችን ለመጪው ዓመት የሚለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በሰንበት ከምሳ በኋላ፣ ስልኩ በተቀመጠበት ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ አንድ መጽሐፍ በቤታችሁ ይነበብ። በአማርኛም ይሁን በዕብራይስጥ፣ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይተርጉም፣ ሁሉም ይፍረድ። ባትስማሙ አትዘኑ፤ የሚሻለው እንዲያውም አለመስማማታችሁ ነው። ሦስቱን ጥያቄ ጠይቁና የሰማችሁትን ይዛችሁልን ኑ፤ በሚቀጥለው መጽሔታችን እናወጣዋለን።

ግን ለነገ አትበሉ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጎጃም በዓይናቸው ያዩ፣ በ«ኦሮማይ» ዘመን የኖሩ፣ በቡዳ ስም የታሙ ሰዎች ዛሬ በየቤታችን ተቀምጠዋል። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ሊቆየን ይችላል፤ «እንዲህ ማለት ነው» የሚለን ሰው ግን ሁልጊዜ አይቆየንም።

ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ለሚቀጥለው ስግድ በሰላም ያድርሰን።