መኪናው ሳይሸጥ፣ ወረቀቱ ሳይጠፋ

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ክፍል ስም የቀረበ ንግግር



የመዋጮና የቁጠባው ሪፖርት በእጃችሁ ስላለ በእሱ አናደክማችሁም። ዛሬ የምናነሳው ስለ መኪና አደጋ ነው። እዚህ አሜሪካ አብዛኞቻችን የምንነዳው ያገለገለ መኪና ነው። ሌሊት ከሥራ እንመለስበታለን፣ ልጆች እናደርስበታለን። አደጋ ሲደርስ ሁሉም የሚጠይቀው «ማን ነበር የሚነዳው?» ብሎ ነው። «መኪናው ራሱ ምን ሆኖ ነበር?» የሚል ግን ጥቂት ነው።

የዚህን ሁለተኛ ጥያቄ ዋጋ የሚያሳየን የጄኔራል ሞተርስ ጉዳይ ነው። ኩባንያው ኮባልትና ሳተርን አዮን በመሳሰሉት ትናንሽ መኪኖቹ ላይ የገጠመው የሞተር ማስነሻ ሞላው ልል ነበር። ቁልፉ ላይ ብዙ ነገር ከተንጠለጠለ ወይም ጉልበት ከነካው፣ መኪናው እየተነዳ ቁልፉ ከቦታው ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪውና ፍሬኑ ይከብዳሉ፣ ኤርባጉም አይከፈትም።

በ2004 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) በቴክሳስ አንዲት ወጣት እየነዳች መኪናዋ ከመንገድ ወጣ፤ አብሯት የነበረው እጮኛዋ ሞተ። በቸልተኝነት ሰው ገድለሻል ተብላ ተከሰሰች፣ ጥፋተኛ ነኝ ብላም ተቀጣች። ፍርዱ የተሰረዘላት በ2014፣ የመኪናው ጉድለት ከታወቀ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የምትወደውን ሰው የገደለችው እሷ ራሷ እንደሆነች አምና ኖራለች።

እውነቱ እንዴት ወጣ? በ2010 በጆርጂያ አንዲት ነርስ በኮባልት መኪናዋ ተጋጭታ ሞተች። መኪናው እየሄደ እንደሚጠፋባት ለቤተሰቧ ተናግራ፣ ከአደጋው ጥቂት ቀናት በፊት ጋራዥ ገብቶ ነበር። ወላጆቿ ጠበቃ ያዙ። የመኪናው መረጃ መዝጋቢ ሲታይ፣ ከግጭቱ ጥቂት ሴኮንዶች በፊት ቁልፉ ከቦታው መንሸራተቱ ታወቀ። የተቀጠረው መሐንዲስ ደግሞ የእሷን ማስነሻ ከአዲስ ማስነሻ ጋር አስተያየ። አዲሱ ጠንክሮ ተሠርቷል፤ የዕቃው ቁጥር ግን ያው የድሮው ነው።

ሂሳብ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዕቃው ተቀይሮ ቁጥሩ ካልተቀየረ፣ ደረሰኝ ሳይቆረጥ ገንዘብ ከካዝና እንደ ወጣ ነው። የትኛው መኪና አሮጌውን፣ የትኛው አዲሱን እንደያዘ ከመዝገብ ማንም አያገኘውም።

በ2014 ኩባንያው በዚህ ጉድለት 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን መልሶ ጠራ። ለተጎጂዎች የተቋቋመው የካሳ ፈንድ ለ124 ሟቾችና ለ275 ቁስለኞች ካሳ እንዲከፈል ወሰነ። በ2015 ደግሞ ኩባንያው ለመንግሥት 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ማስተካከያው ግን ለአንድ መኪና 57 ሳንቲም ያህል ብቻ ይፈጅ እንደነበር በኮንግረስ ምርመራ ላይ ተነግሯል።

እህቶቻችን፣ አደጋ ሁሉ የፋብሪካ ጥፋት ነው ማለታችን አይደለም። ሳይመረመር ግን ጥፋቱን በራሳችን ላይ አንጫን። ስለዚህ አራት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የመኪናችሁን 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን መለያ ቁጥር በፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ በኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ሪኮል እንዳለበት እዩ። የሪኮል ጥገና በአብዛኛው በነጻ ነው። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ዲለር ሪኮሉን ሳያሠራ እንዳይሸጥ የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የለምና፣ ከመግዛታችሁ በፊት እናንተው እዩ።

ሁለተኛ፣ ከባድ ጉዳት ከደረሰና ኤርባጉ ካልተከፈተ፣ ወይም መኪናው ከግጭቱ በፊት በራሱ ከጠፋ፣ ለኢንሹራንሱ ለማስረከብ አትቸኩሉ። መኪናው ከተጨፈለቀ ማስረጃው አብሮ ይጨፈለቃል።

ሦስተኛ፣ የጋራዥ ደረሰኝ፣ የፖሊስ ሪፖርት፣ የሐኪም ወረቀትና ፎቶግራፍ በአንድ ፋይል ይቀመጥ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን።

አራተኛ፣ ጊዜ አታሳልፉ። የአካል ጉዳት ክስ ማቅረቢያው ጊዜ በቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ በሜሪላንድ 3 ዓመት ነው። ጠበቆች ብዙውን ጊዜ የሚከፈላቸው ካሳው ሲገኝ ነው፤ አንድ ሦስተኛ መጠየቅ የተለመደ ነው። የመሐንዲሱ ወጪ ከየትኛው ድርሻ እንደሚቀነስ ሳታነቡ አትፈርሙ።

አሁን ወደ ማኅበራችን እንመለስ። የተጎዳ መኪና ማቆያ ኪራይ በየቀኑ ይቆጠራል። ሆስፒታል የተኛች እህት ይህን መክፈል ስለማትችል መኪናው ከእጇ ይወጣል። ስለዚህ ከአስቸኳይ ጊዜ ፈንዳችን ለማቆያ ኪራይ የሚሆን ወለድ የሌለው ብድር እንዲፈቀድ ሐሳብ እናቀርባለን። ብድሩ በደረሰኝ ይወጣል፣ በደረሰኝ ይመለሳል፤ ደጋፊዎቻችንም እያንዳንዱን ወጪ በሪፖርቱ ላይ ያዩታል።

ሐሳባችንን ተወያይታችሁ እንድትወስኑበት በአክብሮት እንጠይቃለን።