በበዓል ሰሞን ቤታችንን ማን ይጠብቅልን?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ኮሚቴው በበዓል ሰሞን ስለሚደርሰው የቤት ስርቆት ጥቂት እንድንናገር ባዘዘን ጊዜ፣ «ይህን የሚያውቅ ፖሊስ ነው፤ እኛ የመዝገብ ቤት ጡረተኞች ምን እናውቃለን?» ብለን ነበር። ነገር ግን ተሰርቀናል፤ የተሰረቀ ሰው ደግሞ ጥቂትም ቢሆን ያውቃል።

ሌባ የበዓሉን ቀን ከእኛ አብልጦ ይቆጥራል። ጥር 10 ቀን ከተራ ነው፤ ከቀትር በኋላ ታቦቱን ተከትለን ወደ ጃንሜዳ እንሄዳለን። በማግሥቱ ጥምቀት ነው፤ በ12 ደግሞ ሚካኤልን እንሸኛለን። ይኸው ሦስት ቀን ሆነ። መስከረም 16 ደመራ ነው፤ መስቀልን አገራቸው ገብተው የሚያከብሩት የጉራጌ ጎረቤቶቻችን ቤታቸውን ዘግተው ብዙ ቀን ይቆያሉ። የፋሲካ ሌሊትማ ከምሽት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ሰፈሩ ጭር ይላል። በዚያ ላይ ለበዓል ወጪ ከባንክ የወጣ ብር አለ፣ ከሣጥን የወጣ ወርቅ አለ፣ በግቢ የታሰረ በግ አለ። ውሻውም ቢሆን በበዓል ማግሥት አጥንት ጠግቦ ይተኛል እንጂ ማን ሊጮህ!

አሁን በእኛ ቤት የደረሰውን እንናገር። በ2011 ዓ.ም. የከተራ ዕለት ቤተሰቡ በሙሉ ወጣ። ሠራተኛችን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ እስከ 11 ሰዓት ቤት ቆይታ አክስቷ ዘንድ እንድታድር ፈቅደንላታል። በሩን ቆልፋ ቁልፉን ከሮቶው ሥር፣ ከድንጋዩ በታች አስቀመጠች። እንዲህ እንድታደርግ ያስተማርናት ራሳችን ነን። ማታ ስንመለስ ቴሌቪዥኑ የለም፤ የዕቁቡ ብርም፣ የባለቤታችን የአንገት ሐብልም የለም። በሩ አልተሰበረም፤ ጓጉንቸሩ እንደ ተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም ከድንጋዩ ሥር በቦታው አለ። ታዲያ ማን ይጠረጠራል? «ቁልፉ በእጅሽ ነበር» አልናት። ልጅቷ አልቅሳ ማለች፤ እኛ አልሰማናትም። ሁለት ሌሊት ጣቢያ አደረች።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ዕድሜ ልካችንን ወረቀት ስናገላብጥ ኖረን በዚያች ሌሊት ግን ትዝ አላለንም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ፖሊስ አንድ ጎረምሳ በሌላ ስርቆት ሲይዝ ቴሌቪዥናችን ከእርሱ ዘንድ ተገኘ። የእኛ መሆኑ የታወቀው የመለያ ቁጥሩን በደብተር ጽፈን ስላስቀመጥን ነው፤ የመዝገብ ቤት ልማድ ለዚህ ጠቀመን። እናንተም የቴሌቪዥኑንም የስልኩንም ቁጥር ጻፉ። ጎረምሳው ሲጠየቅ፣ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ድንጋዩ ሲነሣ ሦስት ቀን ሙሉ አይቷል።

ለልጅቷ ሁለት ሽማግሌ ይዘን አክስቷ ቤት ሄድን። ቀሪ ደመወዟን ተቀበለች። ይቅርታም አደረግሁ አለች። የቀረበውን ቡና ግን ከእኛ ጋር አልጠጣችም። ወደ ቤታችንም አልተመለሰችም።

ስለዚህ ቁልፍ ከድንጋይ ሥር፣ ከአበባ ዕቃ ሥር፣ ከምንጣፍ ሥር አይቀመጥ። ስለ ጓጉንቸሩም አንድ ነገር እንበል። ብዙዎቻችን ትልቅ ጓጉንቸር ገዝተን ቀለበቱን በሁለት ምስማር ብቻ እንመታለን። ሌባው ጓጉንቸሩን አይነካውም፤ በፌሮ ቀለበቱን ከነምስማሩ ይነቅለዋል። ብሎን ከውጭ አሳልፎ ከውስጥ በዳዶ ማሰር ነው የሚሻለው፤ ሰፈር ያለ ብረት በያጅ በአንድ ቀን ይሠራዋል። መብራት አብርቶ መሄድም የሚሠራው ለማታ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ የሚበራ አምፑል ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ለሌባ ይናገራል። ልጆቻችንም ከጃንሜዳ ፎቶ እያነሡ ወዲያው በፌስቡክ ባይለጥፉት፣ ቤት ከተገባ በኋላ ቢሆን ምን ይጎድልባቸዋል? በበዓል ዋዜማ በርካሽ የሚዞር ቴሌቪዥንም አትግዙ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛውንም ይቀጣል።

ይሁን እንጂ ብረቱ ሁሉ ሰው የሌለበትን ሰፈር አያድነውም። በደርግ ዘመን በየቀበሌው ሮንድ እንወጣ ነበር፤ ያ የመጣው በግዴታ ነውና ብዙዎቻችን በደግ አናስታውሰውም። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ዕድራችን ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት ዕድር ነው። በፋሲካ ሌሊት እስላም ጎረቤቶቻችን ቤታቸው ናቸው፤ በረመዳን የተራዊሕ ሰዓትና ለዒድ ሰላት ወደ ስታዲየም በሚሄዱበት ጠዋት ደግሞ እኛ ቤት ነን። እንግዲያው ሰፈሩ መቼም ቢሆን ፈጽሞ ባዶ አይሆንም፤ የጎደለው መነጋገር ነው። ማን እንደ ወጣ የሚያውቅ አንድ ጎረቤት ካለ፣ በማያውቀው ሰው እጅ በር ሲከፈት «ማነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህች አንዲት ቃል ብዙውን ሌባ ታባርራለች። ለሁሉ ሰው መንገር ግን አያስፈልግም፤ ለአንድ ቤት፣ ቢበዛ ለሁለት ቤት ይበቃል።

ከዚያ ወዲህ የእኛ ቁልፍ የሚቀመጠው ከፊት ለፊታችን ካሉት ሐጂ ቤት ነው። የእርሳቸውም በዒድ ቀን እኛ ዘንድ ያድራል። በፋሲካ ሌሊት ስንመለስ መስኮታቸው ላይ መብራት እናያለን፤ ሳል አድርገው መንቃታቸውን ያሳውቁናል።

ለመጪው ከተራ እኛ በተራችን ቤት እንቀራለን፤ ወገባችንም እንደ ድሮው ታቦት አያስከትለንም። ከእኛ በላይ ያሉት ስድስት ቤቶች ቁልፋቸውን ጥር 10 ቀን እስከ 7 ሰዓት ቢያደርሱልን፣ የቤት ቁጥራቸውን በወረቀት ጽፈው ከቁልፉ ጋር ቢያስሩት መልካም ነው።