ሊጥ እምቢ ሲል



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እንጀራ ነው። ፊደል ለማስቆጠር የመጣን ልጆች ስለ እንጀራ እናውራ ስንል፣ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንደምትሉን እናውቃለን። እውነት ነው፤ መጋገሩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እኛ የምንጨምረው ሊጡ ለምን እንደሚበላሽና የተበላሸውም እንዴት እንደሚተርፍ ነው።

አንድ ቡሃቃ ሊጥ የአንድ ቤተሰብ የሁለትና የሦስት ቀን ምግብ ነው። ታርሶ፣ ታርሞ፣ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተፈጭቶ የመጣ እህል ነው። በተለይ በክረምት ጎተራው ሲራቆት፣ ያ ሊጥ ቢደፋ የሚተካው የለም። በዚያ ላይ ጠብ አለ። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ሲቀር ሴቲቱ «እጇ አይረባም» ትባላለች። ወይም «ክፉ ዓይን አይቶት ነው» ይባልና ከጎረቤት ጋር መኳረፍ ይመጣል። ሊጡ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። ሊጥ የሚበላሸው በብርድ፣ በሙቀት፣ በእርሾና በእሳት ምክንያት ነው።

እስቲ ከእርሾው እንጀምር። በእርሾ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ። እነዚህ በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳር ይበላሉ፤ ሲበሉም አየር ያወጣሉ። ሊጡ ኩፍ የሚለው በዚህ አየር ነው። ምጣድ ላይ ዓይን የሚወጣውም ይኸው አየር በሙቀት ተገፍቶ ሲያመልጥ ነው። መኮምጠጡም የእነሱ ሥራ ነው። ታዲያ እንደ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ብርድ ያደነዝዛቸዋል፤ የፈላ ውሃ ደግሞ ይገድላቸዋል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ደጋ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው። ከአንድ ጆንያ የተከፈለ ጤፍ በሁለቱም ቦታ በአንድ ቀን ቢቦካ፣ የሸዋ ሮቢቱ ቀድሞ ይኮመጥጣል፤ የደብረ ብርሃኑ ገና ተኝቶ ይገኛል። ከቆላ ወደ ደጋ የተዳረች ሙሽራ «ሊጥ አታውቅም» የምትባለው በዚህ ነው። እሷማ ታውቃለች፤ የተለወጠባት አገሩ ነው።

ስለዚህ ሊጡ ኩፍ አልል ካለ አይደፋ። ቡሃቃውን ወደ ምድጃው አስጠግቶ፣ በጨርቅ ሸፍኖ አንድ ሌሊት መጨመር ነው። በብርድ ወራት ሲቦካም ለብ ባለ ውሃ ይሁን፤ ለብ ያለ ማለት ጣት ቢነከርበት የማያቃጥል ነው። እርሾው ደክሞ እንደሆነ ከጎረቤት አንድ ኩባያ መበደር ነው። (ያኮረፈ ጎረቤት እርሾ አያበድርምና መኳረፉ እዚህ ላይም ይጎዳል።)

ሊጡ ከመጠን በላይ ከኮመጠጠስ? ከላይ የቋጠረውን ብጫ ውሃ ቀድቶ ማፍሰስ፤ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሮ ማማሰል፤ እስኪዘቅጥ ትቶ እንደገና ከላይ ያለውን ማፍሰስ። ከዚያ ጥቂት አዲስ ዱቄት ለውሶ መቀላቀል፣ አብሲት መጣል፣ ኩፍ እንዳለም ሳያሳድሩ መጋገር ነው።

ብዙ ሊጥ የሚበላሸው አብሲቱ ላይ ነው። በስንዴ ውስጥ ያለው የሚለጠጥ ነገር በጤፍ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጤፍ አየሩን የሚይዝለት ይፈልጋል፤ የሚይዝለትም አብሲት ነው። 10 ጭልፋ ሊጥ ካለ 1 ጭልፋ ይወሰዳል፤ በ3 ጭልፋ ውሃ ይቀጥናል፤ እስኪወፍር ድረስ እየተማሰለ ይፈላል። ከዚያ ለብ እስኪል መጠበቅ ነው። ቸኩሎ እየተንተከተከ ቡሃቃው ውስጥ ከገለበጡት እርሾውን ይገድለዋል፤ ሊጡም ዳግመኛ አይነሳም። ይህ ከደረሰም እኮ መፍትሔ አለው። ሊጡ ሲበርድ ጥቂት እርሾ ጨምሮ እስኪነሳ መጠበቅ ነው። አብሲት ያነሰው እንጀራ ይሰነጣጠቃል። ማሽላ ወይም በቆሎ የተቀላቀለበት ከጤፉ ይልቅ ቶሎ ይደርቃልና አብሲቱ አይነስበት። መቀላቀሉ ነውር አይደለም፤ ጤፍ ሲወደድ ምን ይደረጋል?

ሙሉ እንጀራ ከመጣዱ በፊት አንድ እንጎቻ ይጋገር። ጥፋቱን የሚነግረን እሱ ነው። ዓይን ካላወጣ፣ ሊጡ ወፍሮ እንደሆነ በውሃ ይቅጠን፤ ምጣዱ ሳይግል ቀርቶ እንደሆነ እሳት ይጨመር። ዓይኑ ሳይወጣ አክንባሎ መድፋትም ዓይኑን ያስቀረዋል። እንጎቻው ከተጣበቀ ምጣዱ በጎመን ዘር በደንብ አልታሰሰም። አዲስ ምጣድ ደግሞ ካልተሟሸ አንድም እንጀራ አይለቅም። የተበላሸው እንጎቻ ለልጆች ነው። ልጆቹ ቢጠየቁ ሁልጊዜ ቢበላሽ ይመርጣሉ።

አሁን አንድ ነገር ለአባቶች። መሃሉ ያረረ፣ ጠርዙ ጥሬ የሆነ እንጀራ የእሳቱ ጥፋት ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት ብዙው ሙቀቱ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ነፋስም እንደፈለገ ያዞረዋል። ዙሪያው በጭቃ ቢከበብ፣ ማገዶ መክተቻና ጭስ መውጫ ብቻ ቢተውለት፣ ምጣዱ እኩል ይግላል፤ እንጨቱም ይቀንሳል። ጭቃውን ማቡካትና መለሰን ብር አይጠይቅም። ከእሳት የተረፈ ኩበት ማሳ ላይ ሲበተን ደግሞ እህል ነው።

ስለ ዳቦ ብዙ አንልም። ድፎ ዳቦ ላዩ አሮ ውስጡ ጥሬ ከሆነ፣ ያረረውን ቀርፎ፣ በስሱ ቆርጦ፣ በለስላሳ እሳት ምጣድ ላይ መልሶ ማብሰል ነው።

ዓይን ያላወጣ እንጀራ ለፍርፍር ይሆናል። የተቀደደውና የተሰባበረው ፀሐይ ላይ ይሰጣና ድርቆሽ ይሁን። በደንብ ከደረቀና እርጥበት ካላገኘው ለብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ለመንገደኛም ስንቅ ነው።

የሻገተ እንጀራ ግን ድርቆሽ አይሆንም። ትኩስ እንጀራ በትኩስ ላይ ተደርቦ መሶቡ ቢከደንበት ያልበዋል፤ ያላበው ቶሎ ይሻግታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰፌድ ላይ በረድ ሲል ይደረብ። አንዴ ከሻገተ፣ «ጠርዙን ብቻ ቆርጠን እንብላው» ማለት አይበጅም። ሻጋታው ለዓይን ከሚታየው አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። አንዳንዱ ሻጋታ የሚተወው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በፀሐይም በእሳትም አይጠፋም። ለዶሮም ለከብትም አይሰጥ፤ ይቀበር።