ዝናሙን ስለ ማስቀረት
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተነገረ)



መቐለ ከአይናለም ጉድጓዶች የምትጠጣው ውሃ ቀድሞ ወደ ምድር የሰረገ ዝናም ነው። ስለዚህ የተራራው ነገር የከተማ ልጆችንም ይመለከተናል።

ከከተማችን በስተምዕራብ፤ በሀገረ ሰላም አጠገብ፤ ማይ ዘግዘግ የሚባል 187 ሄክታር ተፋሰስ አለ። በዚያም በቤልጂግ ገንዘብ ረዳትነት የመቐለ ዩኒቨርሲቲና የቤልጂግ ሊቃውንት ከገበሬዎቹ ጋራ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ጀመሩ። እርከን ተካበ፤ ቦረቦሩ በድንጋይ ክትር ታሰረ፤ ከመከር በኋላ ከብት በማሳ እንዳይለቀቅ ተከለከለ። ሊቃውንቱ እንዳሰሉት፤ ቀድሞ ከመቶ እጅ ዝናም 8 እጁ ጎርፍ ሆኖ ይሄድ ነበር፤ በኋላ 1.6 እጅ ብቻ ሆነ። የምድር ውስጥ ውሃም ከፍ አለ።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፤ ጎርፉና ደለሉ ባይሰፈር ኖሮ የድካሙ ፍሬ በወሬ ብቻ በቀረ ነበር።

ሁለተኛ፤ የውጭ ገንዘብ ሥራ ያስጀምራል፤ የፈረሰውን እርከን በየዓመቱ የሚጠግነው ግን ባላገሩ ነው።

ሦስተኛ፤ ከብቱን እንዳይለቅ የተከለከለ ሰው ሣሩን አጭዶ ካልወሰደ ሕጉ አይጸናም።

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት በትግራይ ብዙ ዛፍ ለማገዶና ለከሰል ተቆርጧል። ለጋሽ ቢመጣ መልካም ነው፤ እስኪመጣ ግን ጎርፉ አይጠብቀንም። ስለዚህ ዘንድሮ የምንመረቅ ሁሉ፤ መሐንዲስም ብንሆን አስተማሪ፤ ገበሬውን ሳንጠይቅ በተራራው ላይ ችካል እንዳንተክል ቃል እንግባ።

እግዚአብሔር ዝናሙን ይስጠን፤ እኛም እናስቀረው።