ሜትርና እርሳስ ይዛ የመጣችው ልጃችን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር፤ ላልተገኙ አባላት ሲባል እንዳለ የተለጠፈ)



 እንደምታውቁት የእኔ ሥራ ቃለ ጉባኤ መያዝ እንጂ ንግግር ማድረግ አይደለም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዛሬ ግን ሊቀ መንበራችን «ነገሩን ከመነሻው ያየኸው አንተ ነህና አንተው ንገራቸው» ስላሉኝ ቆሜአለሁ። ከተሳሳትኩ እዚሁ አርሙኝ።

ጉዳዩ የዚህ አዳራሽ ጉዳይ ነው። በዚያውም ሙያዋን በነፃ ስለሰጠችን አንዲት የሰፈራችን ልጅ ነው። ስሜን አትጥራ ብላኛለች፤ ምክንያቱን ኋላ እመጣበታለሁ። ማን እንደሆነች ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እዚሁ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት።

ሥራዋ የቤት ውስጥ ዲዛይን ነው፤ ኢንቴሪየር ዲዛይነር ይሏታል። እውነቱን ልናገርና እኔ ይህን ሙያ የማውቀው በሆቴልና በሠርግ አዳራሽ ነበር። ጀሶ፣ መብራት፣ መጋረጃ፣ ወርቅ ቅብ ወንበር፣ ሌላ ምን አለ? ስለዚህ ጽሕፈት ቤት መጥታ «አዳራሹን ልይላችሁ፣ በነፃ ነው» ስትለኝ የሰጠኋት መልስ ዛሬ ያሳፍረኛል። «እኅቴ፣ እኛ ለጌጥ የሚሆን ገንዘብ የለንም» አልኳት። እሷም ሳቅ ብላ «ጋሼ፣ ጌጥ ማን አለ?» አለችኝ።

የፈራሁበት ምክንያት ነበረኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከየቤታችን መዋጮ አሰባስበን ይህንኑ አዳራሽ አሳድሰን እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ወለሉ ሴራሚክ ተነጠፈ፣ ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ ድረስ ጥቁር አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀባ። የሠራውን ሰው አልወቅስም። እሱ ያዘዝነውን ሠርቶ ሄደ፤ ያዘዝነው እኛ ነን፣ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። የተመረቀ ቀን ሁላችንም አጨብጭበናል። ክረምት ሲገባ ግን እርጥብ ጫማ ያደረገ ሰው ሴራሚኩ ላይ መቆም አቃተው። ሁለት አባቶች እዚህ በር ላይ ወድቀውብናል። ድምፁም ሌላ ጣጣ ሆነ። አንዱ ሲናገር ቃሉ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ፣ ኋላ የተቀመጠው ሰው ስብሰባውን የሚከታተለው የፊተኞቹን ፊት እያየ ነበር። ታዲያ በዚህ ላይ ሌላ ባለሙያ ሲመጣ ብፈራ ይፈረድብኛል?

ይህች ልጅ ስትመጣ የያዘችው ሜትር፣ እርሳስና ደብተር ብቻ ነው። በመጀመሪያ ምንም አልነካችም። ስብሰባችን ላይ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ለቅሶ በነበረ ጊዜ ደግሞ ደብተሩን ቤቷ ትታ ነጠላዋን አደግድጋ ከእናቶች ጋር ወጥ ስታቀርብ ዋለች። እኛ ልጅቷ ሰው አክባሪ ናት አልን። ለካስ በዚያውም መንገዱን በእግሯ እየለካችው ኖሯል። ማታ ላይ «ጋሼ፣ ትኩስ ወጥ የያዙ ሴቶች ለምንድነው በዋናው በር፣ በሐዘንተኛ መሀል የሚያልፉት? የጓሮው በር ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የጓሮው በር ድንኳንና ሰታቴ ተከምሮበት ነበር። ስንት ዓመት እንደተከመረበት እኔም ረስቼዋለሁ። ከበሩ ጎን ያለውን መስኮትም ያው ክምር ዘግቶታል። በቀን አምፖል የምናበራው ለዚህ ነበር!

የመጀመሪያው ምክሯ እንግዲህ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ሆነ። ወጣቶቹ በአንድ ቅዳሜ ድንኳኑንና ድስቱን ወደ ዕቃ ቤቱ አዛወሩት፤ በሩም መስኮቱም ተከፈተ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ መብራት ሳናበራ መሰብሰባችንን ልብ ያለ አለ?

ቀጥላ አግዳሚዎቹን ለካች። መቀመጫቸው ከመሬት 35 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ወደ 45 ቢጠጋ ጉልበቱ የደከመ ሰው በቀላሉ ይነሳል አለች። እኔ እናቶቻችን ከለቅሶ ሲነሱ እርስ በርስ የሚደጋገፉት ከእርጅና ብቻ ይመስለኝ ነበር። የበሩ ደፍ ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ወንድማችን ሁልጊዜ በሁለት ሰው ተሸክሞ ነው የሚገባው። የዚህ ሂሳቡ እንዲህ ነው ብላ አሳየችኝ፤ ለአንድ እጅ ከፍታ አሥራ ሁለት እጅ ርዝመት ያለው ተዳፋት ያስፈልጋል። ለ15 ሳንቲ ሜትር ደፍ 1 ሜትር ከ80 መሆኑ ነው። ሲሚንቶውን ራሱ ወንድማችን ካልገዛሁ ብሎ ከኮሚቴው ጋር ተሟግቷል።

ስለ ግድግዳው፣ ነጭ የመጣለትን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል፤ ጥቁር አረንጓዴ ግን ይውጠዋል አለች። ስለ ድምፁ፣ ሴራሚክና የዘይት ቀለም ድምፅን ያነጥራሉ፤ ለስላሳ ነገር ግን ይይዘዋል፤ በኋለኛው ግድግዳ ላይ ወፍራም ጨርቅ ወይም አሮጌ ምንጣፍ ይሰቀል አለች። ወለሉ አይፈርስም፤ ከበሩ ጀምሮ የማያንሸራትት የጎማ ምንጣፍ ይነጠፋል።

በኮሚቴ ስብሰባ ላይ አንድ አባላችን «ዕቃ ማዘዋወርና ወንበር መለካት ምን ሙያ ይጠይቃል?» ብለው ነበር። አነጋገራቸው ቆጣ ያለ ቢሆንም ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጅቷ አልተቀየመችም። የነገረችንን በቃለ ጉባኤ ይዤዋለሁ።

አሜሪካን አገር በፔንሲልቫኒያ ባለ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሕሙማን ነበሩ። የአንዳንዶቹ ክፍል መስኮት ዛፎችን ያሳያል፤ የሌሎቹ የጡብ ግድግዳ ያሳያል። ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪ ከ1972 እስከ 1981 እ.ኤ.አ. የታከሙትን መዝገብ አገላብጦ፣ በዕድሜና በመሳሰለው የሚመሳሰሉትን ጥንድ ጥንድ አድርጎ 46 ሰዎችን አነጻጸረ። ውጤቱ በ1984 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በሚባለው መጽሔት ወጣ። ዛፍ የሚያዩት በአማካይ በ7.96 ቀን ከሆስፒታል ሲወጡ፣ ግድግዳ የሚያዩት 8.70 ቀን ቆዩ። ዛፍ የሚያዩት ጠንካራ ማስታገሻ የወሰዱትም ባነሰ መጠን ነው። እሷው ራሷ «46 ሰው ጥቂት ነው፤ በዚህ ብቻ ሁሉን ነገር አይፈርዱበትም» ብላናለች። አባላችን ግን ከዚያ በኋላ ዝም አሉ፤ በማግስቱም ጓሮ መስኮቱ ፊት ለፊት ወይራ የተከሉት እሳቸው ናቸው።

ሙያው የፈረንጅ ነው የምትሉም አላችሁ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው ግን እንደዚያ አይልም። መደቡ ከፍና ዝቅ እያለ የተሠራ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። ግድግዳው ዕቃ ማስቀመጫ ተበጅቶለታል፣ ስፌቱም በወግ ተሰቅሏል። ያን ቤት ያሰናዱት ዲፕሎማ አልነበራቸውም።

በነፃ ስለ መሥራትም ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚያደርግ ጠይቄአት ነበር። በኒው ዮርክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ዲዛይነሮች የአንድ ትልቅ ቤት ክፍሎችን ተከፋፍለው ያሳምሩና ሕዝቡ ከፍሎ ያያል፤ ገቢው ኪፕስ ቤይ ለሚባል የልጆች ክበብ ይውላል። ጥሩ ነው፤ ግን ይህ የባለጸጋ መንገድ ነው፣ እኛ ዘንድ ከፍሎ ቤት የሚያይ አይገኝም። የወደድኩት ሌላውን ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመ ፐብሊክ አርኪቴክቸር የሚባል ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. የዲዛይን ቢሮዎችን ከሥራ ጊዜያችሁ ከመቶ አንዱን ለማኅበረሰብ ስጡ ብሎ ጠየቀ። በዓመት 2,080 የሥራ ሰዓት ቢሆን ከመቶ አንዱ ሃያ ሰዓት ያህል ነው። የሁለት ቀን ተኩል ሥራ ማለት ነው። ደስ ያለኝ ልክ ያለው ስጦታ መሆኑ ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም ያውቁታል።

የእኛ ስጦታ ግን ልክ አልነበረውም። አሁን ስሟን ወዳልጠራሁበት ምክንያት መጣሁ። የአዳራሹ ወሬ እንደተሰማ የልጅቷ በር ላይ ሰልፍ ተጀመረ። አንዷ ሶፋዬን የት ላድርገው ትላለች፣ ሌላው ለልጄ ሠርግ ዲኮር ንደፊልኝ ይላል። ማታ በሦስት ሰዓት ስልክ የደወለም አለ። አንድ ሰው እንዲያውም «ለማኅበሩ በነፃ፣ ለእኔ በገንዘብ?» ብሎ ተቆጥቷታል። ኧረ ተው! ልጅቷ የምትበላው ከዚሁ ሙያ ነው። እኛ ደቦ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ደቦ የጠራ ሰው ጠላውንና እንጀራውን ያዘጋጃል፣ የመጣውንም ሰው እሱ ብቻ ሲሠራ ቁጭ ብሎ አያየውም። አካፋ የያዘ ሰው ላቡ ስለሚታይ እናዝንለታለን፤ እርሳስ የያዘን ሰው ግን የሚደክመው አይመስለንም። ያን ሰሞን ሁለት ሥራ እንዳመለጣት የነገሩኝ እናቷ ናቸው፤ እሷ አልነገረችኝም።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁና ወደ ውሳኔው እንሄዳለን። ባለፈው ክረምት ወጣቶቻችን የአንዲት እናታችንን ጣራ ቆርቆሮ ቀይረው፣ ግድግዳውን መርገው ነበር። የሚመሰገን ሥራ ነው። ሆኖም እኚህ እናት ከጣራው እድሳት በኋላ ሌሊት ተነስተው ሲሄዱ ደፉ ላይ ተሰናክለው ወደቁ፤ እጃቸውም ተሰበረ። ጣራውን እንጂ ከጣራው ሥር ያለውን ማንም አላየም ነበር፣ እኔንም ጨምሮ። ልጅቷን ይዤያት ሄድኩ። አልጋው ከበሩ ርቆ ነው ያለው፣ የመብራቱ ማብሪያ ደግሞ በሩ ጋ ነው። በሁለቱ መሀል አንድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን አለ። እኚህ እናት እንግዲህ በጨለማ ሳጥን ዞረው ነበር መብራት የሚያበሩት።

ልጅቷ ወዲያው ሳጥኑን ወደ ጓዳ እናስገባው አለች። እናታችን እንቢ አሉ። ሳጥኑ ላይ የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፍ ነበር። «ተኝቼ የማየው እሱን ነው» አሏት። ልጅቷ ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ የሣለችውን ወረቀት ቀዳ ጣለችና እንደገና ጀመረች። በመጨረሻ የተነሳው አልጋው ሆነ። ሳጥኑ በግርጌ በኩል ግድግዳ ተጠግቶ ፎቶግራፉ ፊት ለፊት ዋለ፣ መንገዱም ተከፈተ። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማብሪያውን ወደ ራስጌ አዛወረው። ከአልጋው እስከ በሩ የእጅ መደገፊያ እንጨት ተመታ፣ የደፉ ጠርዝ በጨለማ እንዲለይ ነጭ ተቀባ። የጨረሰው አንድ ቀን ተኩል ነው። በሳምንቱ ልጠይቃቸው ብሄድ እናታችን አልጋቸው ላይ ሆነው መብራቱን አብርተው አጥፍተው አሳዩኝ፤ ሦስት ጊዜ።

በዚያ ቀን ሜትር የያዙላት ሁለት የሰፈር ልጆች አሁን የየራሳቸውን ቤት ለክተው ሥዕል አምጥተውልኛል። የአንደኛው ሥዕል ላይ ወጥ ቤቱ ከሳሎኑ ይበልጣል፤ እናቱ ነች ያስለካችው መሰለኝ።

እንግዲህ ኮሚቴው ለዚህ ጉባኤ የሚያቀርበው ይህንን ነው። ልጃችን በወር ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እስከ ገና ድረስ ትሰጠናለች። በመጀመሪያ አዳራሹ ይጠናቀቃል፤ ከዚያ ኮሚቴው የሚመርጣቸው አምስት የአቅመ ደካሞች ቤቶች ይታያሉ፤ የሚታዩትም ባለቤቶቹ ከፈቀዱ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ለግል ቤቱ የሚፈልግ እንደማንኛውም ደንበኛ ይክፈላት። ግድግዳ ማፍረስና መሠረት መንካት የመሐንዲስ ሥራ ስለሆነ አትጠየቅም። ለትራንስፖርትና ለወረቀት የምታወጣውን ገንዘብ ያዡ በደረሰኝ ይመልስላታል። ይህን እሷ አልጠየቀችም፤ ያስያዝኩት እኔ ነኝ።

በቀለሙ ላይ ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። አረንጓዴው ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ይቆይ የሚሉ አሉ። እኔም ፈርሜበት ነበርና ቢቆይ ክብሬ ይጠበቅልኝ ነበር። ድምፄን የምሰጠው ግን ለነጩ ነው።

ጉባኤው ከተስማማ ሥራው በመጪው ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ይጀመራል። አናጢዎቻችን በየአግዳሚው እግር ሥር አሥር ሳንቲ ሜትር እንጨት ይቀጥላሉ፤ ትርፍ ጣውላ ያላችሁ አምጡ። አሮጌ ምንጣፍና ብርድ ልብስ ካለ ታጥቦ ይምጣ። የዘይት ቀለሙ ላይ ሌላ ቀለም እንዲይዝ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አለበት፤ አቧራው ስለሚጎዳ ግድግዳው በውኃ እየረጠበ ነው የሚፈገፈገው፣ ሕፃናትም በዚያን ቀን እዚህ እንዳይመጡ። መሰላል ያላችሁ እስከ ዓርብ ማታ ድረስ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። የእኔ አንድ ደረጃ ስለጎደለው አልቆጠርኩትም።

አሁን እጅ ወደማውጣቱ እንሂድ።