በመርፌ ስለሚገባው የወገብ ጄል



ከቦሌ ተነሥቶ በገርጂ አድርጎ እስከ አያት የሄደ ሰው፥ ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ ሲሚንቶ በትከሻቸው ተሸክመው የባሕር ዛፍ መወጣጫ የሚወጡ የቀን ሠራተኞችን ሳያይ አያልፍም። ዛሬ የምናገረው በእነዚህ ሰዎች ወገብ ውስጥ ስላለው ዲስክ ነው።

በአከርካሪ አንጓዎች መካከል የሚገኘው ዲስክ ዙሪያው ጠንካራ ቀለበት ሲሆን፥ መኻሉ ውሃ የጠጣ ተልባን የመሰለ፥ በወጣትነት አብዛኛው ውሃ የሆነ ነገር ነው። (የሕክምና ተማሪዎች አነጋገሬን ስላቀለልሁት ይታገሡኝ።) ዕድሜና ሸክም ውሃውን ይቀንሱታል፤ ዲስኩ ይከሳል፥ ቀለበቱም ይሰነጠቃል። መኻሉ የደም ሥር ስለሌለው ምግቡ ከጎረቤት አጥንት እየሰረገ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ በቀላሉ አይሽርም።

ከዚህም የተነሣ ሊቃውንት ፈሳሽ ሆኖ በመርፌ የሚገባ፥ ከገባ በኋላ የሚረጋ ጄል ለመሥራት ይደክማሉ። አንዱ ከባሕር ዕፅ ከሚገኘው አልጂኔት፥ ሌላው በሰውነታችን ካለው ሃያሉሮኒክ አሲድ ይሞክራል። አሳቡ መልካም ነው፤ ችግሩ ግፊቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የጀርመኖች ጥናት በአንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስክ ውስጥ መለኪያ አግብቶ፥ ሲቆም 0.5 ሜጋፓስካል፥ ጎንበስ ብሎ 20 ኪሎ ሲያነሣ 2.3 ሜጋፓስካል አገኘ። ይህም የመኪና ጎማ ግፊት ዐሥር እጥፍ ያህል ነው። በተሰነጠቀ ቀለበት ውስጥ የገባ ጄል በዚህ ኃይል ተገፍቶ ነርቭ ላይ ቢያርፍ፥ ከፊተኛው ሕመም የኋለኛው ይብሳል። የመርፌው ቀዳዳም ራሱ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፥ ለምርመራ ብቻ የተወጉ ዲስኮች ከዓመታት በኋላ ካልተወጉት ይልቅ ተጎድተው መገኘታቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ከአንድ ዓመት ሙከራ በኋላ «ተፈወሱ» የሚለንን ሁሉ፥ ዐሥር ዓመት ቆይተህ ንገረን ልንለው ይገባል።

በአገራችን፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀመር የኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ረድቶታል፤ እዚሁ ገርጂ ያለው፥ ሕዝቡ ኮሪያ ሆስፒታል የሚለውም ተባብሯል። ስለዚህ ጄሉ ሲበስል የሚሠራበት እጅ አይጠፋም።

ለሲሚንቶ ተሸካሚው ግን ጄል መጠበቅ አያሻም። በእንግሊዝ አገር ሲሚንቶ በብዛት የሚሸጠው በ25 ኪሎ ከረጢት ነው። የእኛም ፋብሪካዎች ከረጢቱን እንዲያሳንሱ ማኅበራችን ደብዳቤ እንዲጽፍ አሳስባለሁ። ረቂቁ በእጄ ነው፤ የምህንድስና ተማሪዎች ከስብሰባው በኋላ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።