ተራ የደረሰው እንግዳ
(በሬዲዮ የተነገረ)



በመንግሥት ሥራ የኖረ ሰው ሁሉ የዝውውር ደብዳቤ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ቁጥርና ቀን አለው፤ በግርጌውም ግልባጭ የሚደርሳቸው ክፍሎች ይዘረዘራሉ። ለሒሳብ ክፍል ግልባጭ ይደርሰዋል፤ ለሠራተኛ አስተዳደርም ይደርሰዋል። ለሚሄዱበት አገር አጥቢያ፣ ለሰንበቴው፣ ለማኅበሩ ግን ግልባጭ የሚልክ የለም። ስለዚህ ሠራተኛው ሰኞ ጠዋት ወንበርና ጠረጴዛ ተዘጋጅቶለት ያገኛል፤ እሑድ ጠዋት ግን የት እንደሚቆም የሚነግረው አይኖርም። ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት ስለዚህ እሑድ ጠዋት ነው።

እኔ ራሴ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ በሥራ ላይ ጥቂት ከቆየሁ በኋላ፣ ወደ ሬዲዮም ከመምጣቴ አስቀድሞ፣ በላስታ ካሉት ትንንሽ ከተሞች ወደ አንዲቱ ተዛውሬ ነበር። ከወልድያ ተነሥቼ ደጋውን ወጥቼ ጋሸና ከሚባለው መገንጠያ በደረስሁ ጊዜ ብርዱ እስከ አጥንቴ ዘለቀ፤ ለብርድ የሚሆን ልብስም አልያዝሁም ነበር። በማግሥቱ ከሥራ ቦታዬ ደረስሁ። አለቃዬ በደንብ ተቀበሉኝ፤ ቤትም ተፈለገልኝ። በዚህ በኩል የማማርረው ነገር የለኝም።

በመጀመሪያው እሑድ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። የትንሽ አገር ቤተ ክርስቲያን ለመጤ ሰው የሚያስቸግርበት አንድ ነገር አለው፤ ይኸውም ማንም በጽሑፍ ሳያሰፍረው የእያንዳንዱ ሰው ቦታ የታወቀ መሆኑ ነው። ከግንቡ ጥግ መቋሚያቸውን ተደግፈው የሚቆሙ ሽማግሌዎች አሉ፤ ከዛፉ ሥር ሕፃን ያዘሉ እናቶች ይቀመጣሉ። እኔ ባዶ ቦታ አይቼ ቆምሁ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው መጣ፤ አየኝ፤ እጅ ነሥቶም «የለም፣ አንቱ ይቁሙ» ብሎ ወደ ሌላ ወገን ሄደ። አባቱም እርሱም ከዚያው ስፍራ ቆመው ሲያስቀድሱ የኖሩ መሆናቸውን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ቅዳሴው ሲያበቃ ወደ ሰንበቴው ቤት ጠሩኝ። ሰንበቴ ምን እንደ ሆነ ለብዙው አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ነገር ግን በከተማ ተወልደው ያደጉ ወጣቶችም ስለሚያነቡን በጥቂቱ ልናገር። የአንድ አጥቢያ ምእመናን በየተራቸው ዳቦና ጠላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ያመጣሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ይባርካሉ፤ አባላቱ በአንድነት ይቀምሳሉ፤ ለነዳያንም ያካፍላሉ። እኔንም ከበላይ አስቀመጡኝ፤ ዳቦውም አስቀድሞ ለእኔ ተቆረሰ። «እንግዳ ናቸው፤ ይቅደሙ» ተባለ። በሁለተኛው እሑድ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛውም። ስምንት ወር ካለፈ በኋላም ከበላይ እንደ ተቀመጥሁ፣ ዳቦው አስቀድሞ እየተቆረሰልኝ፣ «እንግዳ ናቸው» እየተባለልኝ ነበር።

ይህን ማማረር ውለታ ቢስነት ይመስልዎ ይሆናል። ክብሩ እውነተኛ ነበር፤ አልክደውም። ዳሩ ግን ሰዎቹ ስለ እርሻቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጋብቻ፣ ስለ ጠባቸውና ስለ እርቃቸው ሲነጋገሩ ቆይተው እኔ ስገባ ወሬያቸውን ይለውጡና ስለ አዲስ አበባ ይጠይቁኝ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ ከሰንበቴው አባላት የአንዱ እናት በገጠር ዐርፈው ኖሮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለቀብር ወጣ። እኔ ከቢሮዬ ተቀምጬ ከተማው ለምን ጭር እንዳለ አስብ ነበር። ማታ ሰምቼ ለምን እንዳልነገሩኝ ብጠይቅ «እንግዳን በኀዘን ማስቸገር ነውር መስሎን ነው» አሉኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። የሞቱትን እናት አላውቃቸውም፤ ዳቦውን አብረን ስንቆርስ የከረምነውን ልጃቸውን ግን አውቀው ነበር።

ይህን ማለቴ የላስታ ሰው እንግዳ መቀበል አያውቅም ለማለት አይደለም። እንዲያውም በዚህ ነገር ላስታን የሚስተካከል አገር ማግኘት ያስቸግራል። ታኅሣሥ 29 ቀን የሚውለውን የገናን በዓል በላሊበላ ያከበረ ሰው ምስክሬ ነው። ቀኑ የጌታችን ልደት ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ላሊበላንም ልደት በዚያው ዕለት ታስባለች። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ ተሳላሚው ይጎርፋል፤ አውቶቡስና አውሮፕላን ባለበት በዛሬው ዘመን እንኳ በእግሩ፣ አንዳንዱም በባዶ እግሩ፣ ብዙ ቀን ተጉዞ የሚደርስ አለ። ቀድሞ ሮሐ ትባል የነበረችው የዚያች ከተማ ሰዎችም ውኃና ሳፋ ይዘው ይጠብቁታል። ጎንበስ ብለው የመንገድ አቧራ የጠጣውን እግር ያጥባሉ፤ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ጠላውን ያቀርባሉ፤ ቤት ያለው ቤቱን ይለቃል። የበዓሉ ዕለት ጠዋት በቤተ ማርያም ቅጽር ካህናቱ እኩሌቶቹ ከአለቱ አፋፍ ላይ፣ እኩሌቶቹ ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» እያሉ ሲያሸበሽቡ «አንተ የየት አገር ሰው ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከአለት የተፈለፈሉትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ያ እግር አጠባ ግን ለእኔ ከአለቱ ሥራ የማያንስ ሆኖ ይታየኛል።

ነገር ግን ተሳላሚ በዓሉን አክብሮ ወደ አገሩ ይመለሳል። እግሩን ማጠብ፣ ከበላይ ማስቀመጥ፣ ማስቀደም፣ ይህ ሁሉ ለሚሄድ ሰው የተሠራ ሥርዓት ነው። ተዛውሮ የመጣው ሠራተኛ፣ አግብታ የመጣችው ሙሽራ፣ ቀዬው ፈርሶበት የመጣው ገበሬ ግን አይሄዱም። እነርሱን በተሳላሚ ሥርዓት ብቻ ስንቀበላቸው፣ ሳናውቀው በየሳምንቱ «መቼ ትሄዳላችሁ?» እያልናቸው ነው።

ከዚህ ያወጡኝ አንዲት እማሆይ ናቸው። ሁልጊዜ ከሰንበቴው ቤት በር አጠገብ ይቀመጡ ነበር። አንድ እሑድ የሚቀጥለው ሳምንት ባለ ተራ እንደ ታመመ ተነገረና ማን ይተካው በሚል ነገር ተነሣ። እማሆይ በመቋሚያቸው ወደ እኔ አመለከቱና «ይህ ልጅ አለ አይደለም እንዴ? ስምንት ወር ሙሉ በላ፤ እስቲ ደግሞ ያብላን» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ ደንግጠው «ኧረ እማሆይ! እንግዳ ናቸው እኮ፤ ሚስትም የላቸው፤ ማን ይጋግርላቸዋል?» አሉ። እማሆይ ለእርሳቸው አልመለሱላቸውም። ወደ እኔ ዞሩና፦

«አንተ ልጄ፣ ዱቄት መግዛት ታውቃለህ?»

«ዐውቃለሁ፣ እማሆይ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ዱቄቱን አምጣልኝ። እኔ እጋግረዋለሁ፤ ተራው ግን ያንተ ነው።»

እዚያ አገር ከገባሁ ጀምሮ ሁሉ «አንቱ» ሲለኝ «አንተ» ያሉኝ የመጀመሪያዋ ሰው እርሳቸው ነበሩ።

ቅዳሜ ዱቄቱን ወሰድሁ። ጠላውን የቤት አከራዬ ከጠመቁት ላይ ሰጡኝ። እሑድ ዳቦው በእኔ ስም ተባረከ፤ ተቆረሰ፤ ከበር አጠገብ ላሉት ሳይደርስም አለቀ። በልኬ አሳንሼ ገዝቼ ኖሯል! ያ በመጀመሪያው ቀን ቦታውን የለቀቀልኝ ሰው ከወዲያ ጥግ «ይህ ልጅ ደመወዙን የት ያደርገዋል?» አለና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ በኀፍረት መሬት ልገባ ደረስሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ታየኝ፤ በስምንት ወር ውስጥ የነቀፈኝም የቀለደብኝም ሰው አልነበረም፤ እንግዳን ማን ይነቅፋል? ከዚያ ሳምንት በኋላ አንድ ሰው በሌሊት ሲያርፍ ልጅ ተልኮ የእኔንም በር አንኳኳ። በቤተ ክርስቲያንም ያ ሰው ወደ ጎን ጠጋ ብሎ ከአጠገቡ አቆመኝ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ «እኔ ወግ አጥባቂ አይደለሁም፤ ሰንበቴ ውስጥም የለሁበትም» ይሉ ይሆናል። ነገሩ የሰንበቴ ብቻ አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ምእመን ነው። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተች ስትሆን፣ ዛሬ ከዓለም የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት በምእመናን ብዛት ከቀዳሚዎቹ ወገን ናት። ባልደረባዬ ሲዛወር ከነበረበት ምእመናን የመሸኛ ደብዳቤ ጽፈውለት ነበርና (ይህን ስሰማ ቀናሁ፤ ግልባጩን የሚልክ አለ ማለት ነው) በመጀመሪያው እሑድ ስሙ ተጠርቶ እንዲቆም ተደረገ፤ ጉባኤውም በእልልታና በጭብጨባ ተቀበለው። «ደስ አለኝ፤ ደግሞም ላብ አጠመቀኝ» ይላል፤ ዐይን አፋር ሰው ነውና። የቤቱ ሰው መሆኑ የተሰማው ግን መቼ እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ አንድ ቅዳሜ ስልክ ተደውሎ «ነገ ወንበር የሚደረድር ሰው ጎድሎናል፤ ማልደህ ና» የተባለ ጊዜ ነው አለኝ። የእኔ ዱቄትና የእርሱ ወንበር አንድ ሆነውብኝ ሳቅሁ።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ግን አለ፤ በቸልታ ማለፍ አይገባኝም። ተራ ዋጋ ያስወጣል። የጽዋ ማኅበር በየወሩ በአንድ አባል ቤት የሚደርስ ስለ ሆነ አባላቱ ብዙ ጊዜ 12 ይሆናሉ፤ ወሩ ሁሉ ተይዟልና «ቦታ የለም» ለማለት ይመቻል። ድግሱም ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ ሄዷል፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚፎካከርበት ሆኗል ብል አላጋነንሁም። እኔ ደመወዝ ነበረኝ። የወሎ ሰው በ1966ና በ1977 ዓ.ም. በነበረው ረኃብ ከቀዬው ሲነቀል፣ በኋላም በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ላሊበላ ሲደርስ፣ ቤቱን ትቶ በሌላ አጥቢያ ደጅ የቆመው ሰው በምን ይደግሳል? እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ከነዳያን ጋር በውጭ ይቀመጣል፤ ይበላል፤ ስሙን የሚያውቅ ግን የለም።

በዚያው በእኛ ሰንበቴ በቀን ሥራ የምታድር ሁለት ልጆች ያሏት መጤ ሴት ነበረች። ከውጭ ትቀመጥ ነበር። እማሆይ አንድ ቀን ለሰንበቴው ሙሴ (የማኅበር አለቃ «ሙሴ» እንደሚባል ያውቃሉ) እንዲህ አሏቸው፦ «ዳቦው በሁለት ሰው ስም ቢቆረስ ሰማይ ይወድቃል?» ሙሴው ጥቂት አንገራገሩ፤ የደንብ ሰው ነበሩ። በኋላ ግን የአንድ ባልቴት ተራ ለሁለት ተደረገ። ባልቴቷ እህሉን አወጡ፤ ያች ሴት ውኃ ቀዳች፣ ጋገረች፣ ተሸክማ አመጣች፤ ሲባረክም የሁለቱ ስም ተጠራ። የተሸከመችው የሌላ ሰው እህል ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ከውጭ ስትቀመጥ አላየኋትም። በብዙ ማኅበር እንዲህ ለማድረግ የሚከለክል ሕግ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ የሚከለክለው «ምን ይሉናል» ነው።

በከተማ ያለነው ሠራተኞች ከዚህ የተሻልን አይደለንም። በአንድ ደረጃ እየወጣን እየወረድን፣ እድሩን በባንክ እየከፈልን፣ አዲስ የገባውን ጎረቤት «እንኳን ደኅና መጡ» ብለን እንዘጋለን። እርስዎ ከሰንበቴ፣ ከጉባኤ፣ ከእድር ወይም ከመሥሪያ ቤቱ የሻይ ክበብ በአንዱ አባል ቢሆኑ፣ ዘንድሮ ከገቡት ሰዎች አንዱን ልብ ይበሉ፤ ምን እንደ ተደረገለት ሳይሆን ምን እንደ ተጠየቀ ያስቡ። ድንኳን ሲተከል ገመድ ያዝ ተብሏል? ሒሳብ ጻፍ ተብሏል? ካልተባለ ዛሬም እንግዳ ነው፤ ሲበዛ ደግሞ ጨዋ እንግዳ ስለ ሆነ አይነግርዎትም።

እኔ ከላስታ የተዛወርሁት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው። ደብዳቤው በደረሰኝ ሳምንት ተራዬ ቀርቦ ነበርና ለማን እንደሚሰጥ ተጠየቅሁ። ከጎንደር በኩል ተዛውሮ የመጣ አንድ ወጣት መምህር ከገባ ገና ሁለት እሑዱ ነበር፤ ከበላይ ተቀምጦ፣ ዳቦ በእጁ ይዞ፣ የሚለው ጠፍቶት ይመለከተናል። ወደ እርሱ ጠቆምሁ። እማሆይ ከበሩ አጠገብ ሆነው ቃኙትና «አንተ ልጄ፣ ዱቄት መግዛት ታውቃለህ?» አሉት። ያ ከጥግ የሚቀመጠው ሰውም «በልኩ ግዛ፤ የእኚህን ሰውዬ ዳቦ አይተነዋል» ብሎ በእጁ ወደ እኔ አመለከተ።